ትራስ ስር ያለው ስልክ

ከንፋስ መውጫ የወጣሁ ለት እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ገና ጎህ አልቀደደም፤ መንገዱ ሰላም ስላልነበር ተሳፋሪው ሁሉ ያማትባል። «ልጄ፣ ድምፅህን ብቻ አታጥፋብኝ» አለችኝ። ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ለቆኝ አያውቅም፤ መልኩን ይቀያይራል እንጂ።

እዚህ ቻይና ስልክ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ሙቀቱ ይቀቅላል፤ ያገሬን የጋይንትን ውርጭ እመኛለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። ሽሮ ቢያምረኝ የባቄላ ዱቄት ገዝቼ ሞከርኩ፤ ሙጫ ሆኖ ቀረ። ሥራዬ ስልኮቹን ለገበያ ከመጫናቸው በፊት መፈተሽ ነው። አንዱን ለእናቴ በሰው እጅ ላክሁላት።

ባለፈው ክረምት ግን ያው ዓይነት ስልክ ባትሪው ሞልቶም ኤሌክትሪክ መሳቡን አላቆም አለ። ስነካው እጄን ለበለበኝ። የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረውን ቺፕ የሸጠልን ኩባንያ ሰው ተጠርቶ መጣ።

«ሶርስ ኮዱን አሳዩንና ስህተቱን እንፈልገው» አልኩት። ሶርስ ኮድ ማለት ቺፑ የሚታዘዝበት፣ ሰው የጻፈው ትእዛዝ ነው፤ ለእኛ የሚሰጡን አንብበን የማንረዳውን፣ የታሸገውን ነው።

«ምስጢር ነው።»

«ስልኩ ላይ ያለው ስም የእኛ ነው እኮ።»

«ስሙ የእናንተ፣ ምስጢሩ የእኛ።»

«ቢፈነዳስ?»

«እሱም የእናንተ» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ልጅ ሳለሁ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም ዜማ ተምሬያለሁ። የኔታ ቁጡ ነበሩ፤ የጠየቅናቸውን ግን ደብቀውን አያውቁም።

ሰውዬው ሲሄድ አለቃችን በሩን ዘግቶ «ይህን ውጭ የሚያወራ ወደ አገሩ ይመለሳል» አለን። የመኖሪያ ፈቃዴ በእሱ እጅ ነው። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ስልኮቹም ተጫኑ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ግን አላስችል ብሎኝ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማ፣ ስልኩን የት ነው ቻርጅ የምታደርጊው?»

«አልጋዬ ላይ ነዋ። ሰክቼ ትራሴ ስር አደርገዋለሁ። ሙቀቱ ለዚህ ብርድ ደግ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

አለቃዬም ፈቃዱም ከሐሳቤ ጠፉ። «እማ፣ እሳት ነው። በማርያም፣ ሰክተሽ አትተኚ።»

«መብራት የሚመጣው ሌሊት ብቻ ነው። ካልሰካሁት ይዘጋል። ታዲያ ስትደውል በምን እሰማሃለሁ?»

«ሌላ እልክልሻለሁ።»

«እስኪመጣስ?»

«ከአልጋሽ አርቂው ብቻ።»

«እሺ» አለችኝ። እናቴ እሺ የምትለኝ እንዳልጨነቅ ነው፤ አውቃታለሁ።

ሌላው ስልክ ገና አልደረሰላትም፤ አሁን ስደውል ሁለት ፍርሃት አለብኝ። ከዘገየች፣ ቤቱ ተቃጠለ እላለሁ። ቶሎ ካነሳች ደግሞ፣ ጆሮዋ ስር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ገና እንደጠራ አነሳችው።