ቺንጋውን የቆረጥሁ ዕለት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። ሰው ሁሉ «ደግ ሠራህ» ይለኛል፤ እኔ ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣልኝም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ። ባልደረባዬ ደመላሽ ከአሮጌ መኪና በወጣ ሞተር የምትሠራ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ አውሮፕላን በትርፍ ጊዜው ሲሠራ ኖሮ ሊጨርስ ተቃረበ። የቀረው ጄኔሬተሩ ነበር። ያለ እሱ ባትሪው ይደክምና ሞተሩ ይጠፋል። ከሞተሩ ኃይል ወስዶ ጄኔሬተሩን የሚያዞር ቺንጋ፣ ማለት የጎማ ቀበቶ፣ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ቺንጋው የሚጠመጠምባቸውን ፑሊዎች ስፋት አስልቼ፣ ጄኔሬተሩ የሚታሰርበትን ብረት ቆርጬ ገጠምሁለት። ክብደት እንዳይበዛ ብዬ ብረቱን ቀጭን አደረግሁት።

የሚበርበት ቀን ደረሰና ቁይ አጠገብ እህሉ የተነሣበት ሰፊ ሜዳ መረጥን። የደመላሽ አባት መሪጌታም ከዲማ በበቅሎ መጡ። ልጃቸው የቅኔ ትምህርቱን ትቶ ብረት በመምረጡ ብዙ ዘመን ተቀይመውት ኖረዋል። ያን ቀን ግን ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ከሁሉ ፊት ቆሙ።

ሞተሩ ተነሣ። ጥቂት እንደሠራ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። አስጠፍቼ ስነካው ቺንጋው ይፋጃል፤ ጠርዙም ተበልቷል። ያ ቀጭን ብረት ጎብጦ ፑሊዎቹ ተዛንፈዋል። ፕሮፔለሩ ደግሞ ከኋላ ነው፤ ቺንጋው አየር ላይ ቢበጠስ በቀጥታ እሱ ውስጥ ገብቶ ይሰብረዋል።

ለደመላሽ ነገርሁት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንድ ዙር ብቻ። አባቴ ይዩኝ» አለኝ።

እምቢ አልሁት። አልሰማ ብሎ ወደ መቀመጫው ሲወጣ ሴንጢዬን አወጣሁና ቺንጋውን ቆረጥሁት።

ሰዉ አጉረመረመ፤ የሳቀም ነበር። ደመላሽ ወርዶ ክንፉን ተደግፎ ቆመ። መሪጌታ ወደ እኔ መጥተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

«እንግዲያ ሌላ ቀን እመጣለሁ። ልጄ ካለልኝ ምን ቸገረኝ» አሉና ወደ በቅሏቸው ሄዱ።

አልመጡም። በዐቢይ ጾም ታመው ዐረፉ።

ከፋሲካ በኋላ ብረቱን በወፍራም ቀየርሁት። አውሮፕላኗ ተነሣች፤ ሜዳውን ዞራ በሰላም ወረደች። ያጨበጨብነው ጥቂቶች ነበርን። ደመላሽ ሲወርድ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እናቱ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄን ያተረፍህልኝ» እያሉ ይመርቁኛል። አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ፣ «እማማ፣ እኔ እኮ ያተረፍሁት ከራሴው ስሕተት ነው» አልኋቸው። ትሕትና መስሏቸው ጨምረው መረቁኝ። አሁን ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ።