የቀይዋ ዶሮ ጩኸት

«አንቺ ደግሞ ስለ ዶሮ ምን ታውቂያለሽ? ይልቅ ተነሽና ውሃ ቅጂ!» አለችኝ አክስቴ ፊት ለፊት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ መርሳ ከተማ እሷና ልጇ ዘንድ ተቀምጫለሁ። አክስቴ ያሏት ሁለት ዶሮዎች ናቸው። እንቁላሉን መናኸሪያው አጠገብ ላለ ቁርስ ቤት ትሸጣለች፤ የጨውና የሳሙናዋ ነገር ከዚያ ነው። ለእንቁጣጣሽ አንዷ መታረድ ነበረባት፤ አክስቴም በገብስማዋ ፈረደች።

«የምትጥለው ቀይዋ ናት። ጩኸቷን አትሰሚም?»

እርግጥ ቀይዋ ስታስካካ ወልድያ ድረስ ይሰማል። ገብስማዋ ዝም ነው። የሚጥሉት ግን አንድ ቅርጫት ውስጥ ስለሆነ እንቁላሉ የማን እንደሆነ ያየ የለም። አክስቴ ጩኸት ሰምታ እንቁላል ያገኘችበትን ቀን ታስታውሳለች፤ ባዶ ቅርጫት ያየችበትን ትረሳዋለች።

«እንለያያቸው» አልኋት። «ቀይዋ ካርቶን ውስጥ፣ ገብስማዋ ቅርጫቱ ውስጥ። አንዷ በጣለች ቁጥር በጣሳዋ አንድ ፍሬ በቆሎ እንጨምራለን። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ማሽላውን ለያይተው አይደል የሚሞክሩት?»

«እንግዲያው ሂጂና ሲሪንቃ ተቀጠሪ!» አለች። ጣሳዎቹን ግን ራሷ አመጣች።

ሳምንት ሳይሞላ የገብስማዋ ጣሳ ሲነቀነቅ ይንኳኳ ጀመር። የቀይዋ ባዶ።

«ካርቶን አትወድማ!» ብላ ተቆጣች አክስቴ።

ይሆናል ብዬ ቦታ አቀያየርኋቸው። ገብስማዋ ካርቶኑም ውስጥ ጣለች። ቀይዋ ቅርጫቱ ላይ እንደ እመቤት ተንፈላስሳ፣ ጎረቤቷ በጣለች ቁጥር እሷ ታስካካለች።

በዋዜማው ጎረቤታችን ጋሼ ቢላቸውን ይዘው መጡ። «የትኛዋ ናት?»

አክስቴ ጣሳዎቹን አየች፤ ቀይዋን አየች። «በሰው እንቁላል ስትፎክሪ ኖርሽ!» ብላ አንስታ ሰጠቻቸው።

በበዓሉ ማግስት ስነሳ በር ላይ ሦስት ጣሳ ተደርድሯል፤ የእሷ፣ የልጇና የእኔ።

«ውሃ ቀድቶ የመጣ አንድ በቆሎ ይጥላል» አለች አክስቴ። «ቤቱ ውስጥ የሚያስካካውንማ እሰማዋለሁ።»

ቀኑ ሄደ፤ የእኔ ጣሳ አልተንኳኳም። ጀሪካኑ እጄን ይቆርጠኛል አልሁ። አክስቴ የልጇን ጀሪካን ለእኔ ሰጥታ የእኔን ለልጇ አደረገች። የልጇ ጣሳ መሙላቱን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ብቅ አሉ። «ቢላዬን ረስቼ ነበር።»

አክስቴ ጣሳዬን አነሳች፣ ነቀነቀች፣ ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ትንሽ ይቆዩ፣ ጋሼ» አለች።

ጀሪካኑን አንስቼ ወደ ቦኖው ወጣሁ።