ሳይቀመስ የማይሰጥ ብርጭቆ

የእህቴ ልጅ ከምግብ ጠረጴዛው ኋላ ቆማለች። እናቷ፣ ታናሽ እህቴ፣ የጓዳውን በር ተደግፋ እጇን አጣምራለች። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ላፍቶ፣ እህቴ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሌላ ሰው አልነበረም።

ልጅቱ በማግስቱ አንድ ሆቴል ውስጥ ለመጠጥ ቀላቃይነት ሥራ ልትፈተን ነው። ቮድካ በክራንቤሪ ጭማቂ እንደሚያሠሯት ሰምታለች። እናቷ ግን ሂጂም አትሂጂም አላለችም። ለእኔ ደውላ፣ ልጄን ለሰው መጠጥ እንድትቀዳ አላሳደግኳትም ብላኝ ነበር። ልጅቱ ደግሞ እናቴ ካልፈቀደች አልሄድም ብላኛለች። የተጠራሁት እንዳስታርቅ መሆኑ ገብቶኛል፤ ሌላ ሰው በወለደው ልጅ ጉዳይ ብዙ መናገር ግን አልወድም።

ብርጭቆውን በበረዶ ሞላችው። በአረቄ መለኪያ አንድ ቮድካ፣ ሦስት ጭማቂ ጨመረች፤ ሎሚ ጨመቀችበት። ክራንቤሪ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሆነ ጠየቅኋት። እሷም ከካርቶኑ ሥዕል በቀር አይታው አታውቅም። ቀለሙ ከርከዴ ይመስላል።

እህቴ ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ "ይሄ ሁሉ በረዶ? እንግዳውን ውኃ አጠጥተሽ ልትሸኚው ነው?" አለቻት።

ልጅቱ ሳቀች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ አቀረበችልኝ።

"ሳትቀምሺ?" አለች እናቷ።

"እማዬ፣ በሥራው ክልክል ነው። የቀዳ ሰው አይቀምስም።"

"ለታላቄ ያልተቀመሰ ልትሰጪ ነው?"

እናታችን ጠላ ስትቀዳ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር። በእኛ ቤት ሳይቀመስ የቀረበ አይጠጣም። ልጅቱ ግን ዛሬ ከቀመሰች ነገ ፈታኞቹ ፊት እጇ ለመቅመስ እንዳይቀድማት ፈርታለች። እኔም እጄን አልዘረጋሁም። ብርጭቆው መሐላችን ቆየ።

እህቴ መጥታ ብርጭቆውን ከልጇ ተቀበለች። መዳፏ ላይ ጥቂት አፍስሳ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

"ሎሚ አንሶታል።"

ልጅቱ ቶሎ ብላ ጨመረችበት። እህቴ እንደገና ቀመሰችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

"እንቺ እትዬ" አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ "ነገ ስትሄጂ ሎሚውን እንዳትሰስቺ።"

ልጅቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

መጠጡ ጣፈጠኝ፤ ቀስ ብዬ ጨረስኩት። ልጅቱን መረቅኋት። ነጠላዬን አንስቼ ታክሲ ልይዝ ወጣሁ።