የግመሉ ሳምንት

ዕድሜዬ ስለገፋ አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ይሆናል። ነጌሌ ቦረና የትምህርት ቤት ዘበኛ ሳለሁ ሥራዬ ከብት ከግቢ ማባረር ነበር።

የሂሳብ አስተማሪዋ ሰናይት፣ የሚያንቀላፉ ተማሪዎቿን ምን እንደሚያነቃቸው ለማወቅ ተግባራዊ ምርምር ጀምራለች። አንድ ቀን ግመል በመስኮት አንገቱን ሲያስገባ ክፍሉ በሙሉ ነቃ።

«ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ይተዉት፣ አንድ ሳምንት ያባሩት። አወዳድራለሁ» አለችኝ።

በተተወበት ሳምንት ርዕሰ መምህሩ መጡ።

«ናጋ ጋሼ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡኝ። «ይሄ ግመል እዚህ ምን ይሠራል?»

ልባረር ነው ብዬ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። «ሳምንቱ ነው ጌታዬ» አልኩ።

ገብተው ቢያዩ አንድም የተኛ የለም። «በሉ ይቀጥል» አሉ። ግን የግመሉ ባለቤት ሣር ፍለጋ ወደ አሬሮ ነድቶት ሄደ።

«ጋሼ፣ እስኪ እርስዎ በመስኮቱ ብቅ ይበሉ» አለች ሰናይት።

«ልጄ፣ እኔ ግመል ነኝ?»

«እሱን እናየዋለን።»

ርዕሰ መምህሩ ቆመው ያያሉ። ለእንጀራዬ ፈርቼ ሳምንቱን ሙሉ አንገቴን ሳስገባ ከረምኩ።

በኋላ እሷ ወደ ተልተሌ ተዛወረች። ወሬዋን መጨረሻ የሰማሁት፣ ከዚያ የመጣ ሾፌር በገበያ ቀን ሰላምታዋን ሲያደርስልኝ ነው።

«ውጤቱንም ንገራቸው ብላኛለች» አለ። «በእርስዎ ሳምንት ሁሉም ተኝተዋል።»