ሒሳብ እንደ ዳዊት አይደገምም

ያሰሩን ቤት የገብስ መጋዘን ነበር። ገብሱ ተጭኖ ሄዷል። ገለባው ግን በወለሉ ስንጥቅ ቀርቶ፣ ስንተኛ በቀሚሳችን እየገባ ይወጋን ነበር።

ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ላሊበላ፣ ወላጆቼ ዘንድ በመጣሁ በሳምንቱ ሁለት የቀበሌ ታጣቂዎች መጥተው ለአጭር ጥያቄ እንደምፈለግ ነገሩኝ። እናቴ ጋቢ አቀበለችኝ። ለአጭር ጥያቄ ጋቢ እንደማያስፈልግ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ተከናንቤው ወጣሁ።

መጋዘኑ ውስጥ የጠበቀችኝ አንዲት የቄስ ልጅ ናት፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ። ዋስ ስለተገኘላት በቅርቡ እንደምትፈታ ተነግሯታል። እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው። ሒሳብ ወድቃ፣ መስከረም ላይ የድጋሚ ፈተና ይጠብቃታል። ያን ካላለፈች ትባረራለች።

እንዴት እንደምታጠና ጠየቅኋት። ዓይኗን ጨፍና፣ እየተወዛወዘች፣ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ከነመልሱ ቁጥር ሳትስት በቃሏ አነበነበችልኝ። አባቷ ዳዊት ያስጠኗት እንዲህ ነበር። በታሪክ ትምህርት ከክፍሏ አንደኛ ያወጣትም ይኸው ነው። በሒሳብ ግን ቁጥሩ የተቀየረ ዕለት ጥያቄው ሁሉ እንግዳ ይሆንባታል።

"ሒሳብ እኮ እንደ ዳዊት አይደገምም" አልኳት፣ እንደ ልማዴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ምን አልሽ? ከአንቺስ የመጋዘኑ አይጥ ይሻላል፤ ድምፁ ይሰማል።"

በስንጥር አፈር በሆነው ወለል ላይ ጥያቄ እጽፍላት ጀመር። እያንዳንዱን እርምጃ ለምን እንደወሰደች ታስረዳኛለች፤ ስትጨርስ ቁጥሮቹን እለውጥባታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታለቅስ ነበር። በምላሹ እሷ የእኔን ትምህርት፣ ሥነ ሕይወትን፣ አስጠናችኝ። ሰው እንዳይሰማኝ በልቤ ብቻ ስለማጠና የአጥንት ስሞች አይያዙልኝም ነበር። አጥንትማ በዜማ ነው ብላ፣ ከትከሻዬ እስከ ጣቴ እያስነካች ታስጮኸኝ ጀመር። ስሳሳት ትስቅብኛለች፤ የሳቀችብኝን አጥንት ግን ዳግመኛ አልረሳውም።

አንድ ጠዋት ጠባቂው ገባ። ወለሉ ላይ ፊደልና ቁጥር ተደባልቆ ሲያይ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሒሳብ ነው አልኩት። አላመነኝም፤ የምስጢር መልእክት መሰለው። በጫማው ጠራርጎ አጠፋው። ከንጋት ጀምሮ ስትታገለው የቆየችው፣ ሊያልቅላት ጥቂት የቀረው ጥያቄ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ አየኋት።

"ይጥፋ ጓድ" አለችው ረጋ ብላ። "መንገዱን አውቀዋለሁ።"

ስንጥሩን አንስታ፣ እሱ ቆሞ እያየ፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ቁጥሮቹን ራሷ ለውጣቸው ነበር። መሀል ላይ ተሳሳተች፤ ስሕተቷን ራሷ አገኘችው፤ በመዳፏ አብሳ ቀጠለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጠባቂው እስክትጨርስ አልሄደም። ሲወጣ የጻፈችውን እንዳይረግጥ በግድግዳው ጥግ ዞሮ ወጣ።

ከመስከረም በፊት ተፈታች። እኔም ቆይቼ ወጣሁ። ፈተናውን ትለፍ አትለፍ ሳላውቅ ዓመታት አለፉ።

ዛሬ እኔም አስተምራለሁ። አፌን ፈትቼ ክፍል ፊት መቆም የቻልኩት በዚያ የአጥንት ዜማ ይመስለኛል። ተማሪዎቼ ስለ አጠናን ሲጠይቁኝ፣ ስም የሚሸመድዱትን ድምፅ እንዲያወጡ፣ ሒሳብ የያዙትን ደግሞ ሠርተው ሲጨርሱ አጥፍተው እንደገና እንዲጀምሩ እመክራቸዋለሁ። ባለፈው ይህን ስል ከላሊበላ ብዙም ከማትርቀው ከፍላቂት የመጣች አንዲት ተማሪ ፈገግ አለች። ምን እንዳሳቃት ጠየቅኋት።

"የሒሳብ መምህራችንም እንዲሁ ነበሩ" አለችኝ። "ምሳሌውን ሠርተው ሲጨርሱ ገልብጠን ሳንጨርስ ሰሌዳውን ያጠፉብናል። ብናጉረመርም፣ 'ይጥፋ፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ' ይሉናል።"