የባሕሩ ሥዕልና ያልተከመረው ጤፍ

ከአምበር ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ የሰባተኛ ክፍል ወላጆችን ለስብሰባ ጠራሁ። ቀኑን የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ የሚካኤል ማግስት። በበዓሉ ዐርፈው ስለሚውሉ በማግስቱ ሳይደክሙ ይመጣሉ ብዬ ነው። አጀንዳውን በንጹሕ ወረቀት ጽፌ ለእያንዳንዱ ነጥብ ደቂቃ መድቤለታለሁ። የከተማ ልጅ ነኝና፣ የታጨደ እህል በበዓል ቀን እንደማይነሳ፣ በማግስቱም ገበሬ ፋታ እንደሌለው አላሰብኩትም።

ከጥቁር ሰሌዳው ጎን አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ሰቅያለሁ። ጅቡቲ ከርሞ የመጣ የኮሌጅ ጓደኛዬ የሰጠኝ ነው፤ ደመና የወረደበት የባሕር ዳርቻ። ግራጫ ውኃ፣ እርጥብ አሸዋ፣ በጎኗ የተጋደመች ጀልባ፣ ሩቅ አድማስ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ብርሃን። ሰው የለበትም። ልጆቹ ከሥዕሉ ምን እንደተማሩ ለወላጆቻቸው ለማሳየት ሃያ ደቂቃ ይዤለት ነበር።

«ሠዓሊው ከሸራው ሁለት ሦስተኛውን ለሰማይ ሰጥቶታል» አልኩ በማስመሪያ እያሳየሁ። «ለምን ይመስላችኋል?»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «መምህር፣ ይኸ ሁሉ ውኃ ጨው ነው?»

«አዎ እትዬ፣ ጨው ነው።»

«ታዲያ ወጥ ሲሠሩ ምኑን ይጨምሩበታል!»

ክፍሉ ሳቀ። ያልሳቁት በመስኮቱ በኩል የተቀመጡ አንድ አባት ብቻ ናቸው። ልጃቸው ከክፍሌ አንደኛ የምትወጣ ናት። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ያወልቃሉ፣ መልሰው ይደርባሉ፣ ወደ ውጭ ያያሉ። ቅር አለኝ። ለትምህርት ግድ የሌላቸው መሰለኝ።

«እርስዎስ አባባ፣ ሥዕሉ ላይ ምን ይታይዎታል?» አልኳቸው ሆን ብዬ።

ተነሥተው ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። «ዝናብ» አሉ።

«ዝናብ እኮ አልተሳለም።»

«ገና አልደረሰማ። ይኸው፣ የደመናው ሆድ እንደ ጋቢ ጫፍ ክር ክር ብሎ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ብርሃን ይታያል። እንዲህ ሲሆን ነፋሱ ወዲህ ነው የሚነዳው። የሳለው ሰውዬ ቶሎ ካልሮጠ በስብሷል።»

ደስ አለኝ። «አያችሁ!» ብዬ ስለ ብርሃንና ጥላ ማስረዳት ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«መምህር፣ ይኸው ደመና እውጭም አለ» አሉ በመስኮቱ ወደ ጮቄ ተራራ በኩል እየጠቆሙ። «ከትናንት በስቲያ በደቦ ያሳጨድኩት ጤፍ መሬት ላይ ተኝቷል። የዓመት እንጀራችን ነው። ትናንት በዓል ሆኖ አልነካነውም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጥዎታል?» አሉ እኚያው እናት።

«መምህር እየተናገሩ ጥዬ ልውጣ? ልጄን የማን ልጅ ይሏታል?»

እዚህ ላይ «ይሂዱ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ወረቀቴን አየሁ። «አምስት ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ፤ ልጨርሰው» አልኩ። ተቀመጡ። ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬ አላስታውስም፤ የማስታውሰው የሳቸውን ዐይን ነው፤ ከመስኮቱ አልተነቀለም። አምስቱ ደቂቃ ዐሥራ አምስት ሆነ። ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው ንግግሬን ሳልጨርስ በሩን ከፈትኩት።

አባትየው ቀድመው ወጡ፤ የሌሎቹ ጤፍ ገና አልታጨደም ነበርና ሁሉም ተከትለዋቸው ወደ ማሳቸው ሮጡ፤ እኔም ሮጥኩ። ነዶውን በክንዴ አቅፌ ወደ ክምሩ አመጣለሁ፤ ፍሬው እጅጌዬ ውስጥ ይረግፋል።

«እንደሱ አይደለም! ራሱን ወደ ውስጥ ያድርጉት!» ብለው አባትየው ጮኹብኝ። አዙሬ አስተካከልኩ። ነፋሱ አቧራውን ዐይናችን ውስጥ ሞጀረው። ግማሹን ከምረን ላስቲክ ስናለብስ ዝናቡ ደረሰ። ግማሹ መሬት ላይ ቀረ።

ከአንድ ዋንዛ ሥር ተጠለልን። «ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ነኝ ያቆየሁዎ» ማለት ጀመርኩ።

«ዝም ይበሉ መምህር። በረዶ ከሆነ ልስማ።»

ሁላችንም ጆሯችንን ወደ ክምሩ አቀናን። ከላስቲኩ ላይ የሚሰማው ድምፅ ከበደ፤ ቆየ፤ ከዚያ ሳሳ። በረዶ አልነበረም። ሲያባራ ወደ ማሳው ወረዱ፤ ከረጠበው አንዱን ነዶ አንሥተው በመዳፋቸው አሹ፣ እፍ አሉት፣ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ቶሎ ከደረቀ ለምግብ ይሆናል። ለዘር አይሆንም» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው «ስብሰባው ነገ ይቀጥላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ፊታቸው ላይ ፌዝ ፈለግኩ፤ የለም። የምራቸውን ነው።

«የለም። ጤፍ ሳይገባ ስብሰባ የለም።»

«እንግዲያውስ ነገ ፀሐይ ከወጣ እርስዎ ይምጡ። እርጥቡን እየገለበጥን እናሰጣዋለን።»