የዮናስ አጎት ለቅሶ

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል፣ በጡሩንባ ድምፅ ባንኜ ተነሳሁ። የእድር ጡሩንባ ነው። «ደግሞ ማን ሞተ?» ብዬ ጆሮዬን ሳቆም ለፋፊው እኛው በር ላይ ቆሟል...

«በወይዘሮ አትጠገብ ግቢ የሚኖረው ዮናስ ሐዘን ደርሶበታልና ለቅሶ ድረሱ!»

ዮናስ ጎረቤቴ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ እትየ አትጠገብ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ አስተማሪ ነኝ። እሱ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ፣ ሁሉን ነገር ከዩቲዩብ የሚማር ፍጡር ነው። ማንም እንዳልሞተበት ደግሞ አውቃለሁ፤ ማታ አብረን ስንስቅ ነው ያመሸነው።

እዚህ ላይ ስለ ዮናስ ድንኳን ልንገራችሁ።

ዮናስ ከየት እንዳገኘው የማላውቀውን የካናቢስ ፍሬ (አዎ፣ እሱኑ) እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልሎ፣ በሁለት ሳህን ከድኖ አስቀመጠው። ሳህኖቹን የተዋሰው ከእትየ አትጠገብ ነው። ፍሬው ሲያጎነቁል የእርጎ ኩባያዎች ውስጥ ተከለውና ክፍሉ ጥግ ላይ ጥቁር ድንኳን ዘረጋለት። ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ዚፕ ያለው፣ ውስጡ ሐምራዊ መብራት ሌት ተቀን የሚበራበት። የሱ ሶኬት ስለተቃጠለ ገመዱ የሚመጣው ከኔ ክፍል ነው። ስለዚህ ነገሩ ከታወቀ የምንታሰረው ሁለታችንም ነን... እኔ ሥራዬም አብሮ ይሄዳል። ስንት ጊዜ «ንቀለው!» አልኩት። «ገና ሕፃናት ናቸው እኮ» ይለኛል።

እትየ አትጠገብ ታዲያ በመስኮት አይተውታል። ጥቁር ድንኳን... የማይጠፋ መብራት... ፊት ለፊቱ ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ የቀላ ልጅ። በሳቸው ዓለም ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ነው፤ ሙሽራ ደግሞ የለም። የሰው አገር ልጅ፣ እድር የሌለው፣ ሐዘኑን ደብቆ ብቻውን ያለቅሳል ብለው አዘኑለት። ሄደው ለእድሩ ዳኛ ለጋሸ ፈንቴ ነገሩ።

በሩን ስከፍት ግቢው ጢም ብሏል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋሸ ፈንቴ ከነዘንጋቸው፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ... ሳጅን ይሁኔ ከነዩኒፎርሙ! የሰፈራችን ፖሊስ ነው፣ የእድሩም አባል። ከአዳር ተረኛነት ቀጥታ ለቅሶ መምጣቱ ነው።

«መምህር፣ ማናቸው ያረፉት?» አሉኝ ጋሸ ፈንቴ።

«አጎቱ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ይሄኔ ዮናስ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወጣ። ሕዝቡን አየ። ዩኒፎርሙን አየ። ከዚያ በጉልበቱ ዱብ!

«ጥፋቱ የኔ ነው! እኔ ነኝ! እሱ የለበትም!» እያለ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ሴቶቹ እሪ አሉ። ሳጅን ይሁኔ ሮጦ አቀፈው። «ተው አንተ ልጅ፣ ራስህን አትውቀስ። የእግዜር ሥራ ነው።»

እኔም የማባብለው መስዬ ጆሮው ሥር ገባሁ።

«አጎትህ ሞቷል።»

«አጎት የለኝም እኮ!»

«ዝም ብለህ አልቅስ!»

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እትየ አትጠገብ ግን «ሰው ማስቀመጫ ይጠበናል፣ ይችን ትንሽ ድንኳን አውጥተን ትልቁን የእድሩን ድንኳን እንትከል» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ዚፑ ሲከፈት ሰማሁት።

ሐምራዊው ብርሃን ፊታቸው ላይ በራ። «ኧረግ! ችግኝ ነው እኮ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ዮናስን አየ። ሳጅን ይሁኔ ጎንበስ ብሎ አንዱን ኩባያ አነሳና አገላብጦ ተመለከተው።

«አጎቴ... ዛፍ ይወዱ ነበር» አለ ዮናስ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ለመታሰቢያቸው ብዬ...»

«ምን ዛፍ ነው?» አለ ሳጅን።

«የፈረንጅ... ግራር።»

ጋሸ ፈንቴ እንባቸውን ጠረጉ። «እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል! በሉ፣ እድራችን አዳራሽ ግቢ ይተከል። እኛ እንንከባከበዋለን።»

ተተከለ። ጉድጓዱን የቆፈረው ሳጅን ይሁኔ ነው። ፍየል እንዳይበላው በእሾህ አጠሩት፤ ለዘበኛውም አደራ አሉት። በማግስቱ ነቅዬ ልገላገል ብዬ አጥሩን ጠጋ ብል ዘበኛው «የሙት መታሰቢያ ምን ሊያደርግልህ ነው?» ብሎ በዱላ መለሰኝ።

እውነቱን ልናገር... ሦስት ቀን ሙሉ እነዚያ ሰዎች ንፍሮውን፣ ምግቡን እየተሸከሙ ተመላለሱ። ለማያውቁት ልጅ፣ ላልተፈጠረ አጎት። ከልቤ አፈርኩ። አፍሬም በላሁ፤ የእትየ አትጠገብ ሽሮ የሚታለፍ አይደለም።

ዮናስ «ቡሬ የመስክ ሥራ ወጣብኝ» ብሎ ሄዷል። ስልኩን ዘግቷል።

ትናንት በአዳራሹ በኩል ሳልፍ ሳጅን ይሁኔ በጄሪካን ውሃ ያጠጣል። ችግኙ ስንዝር አልፏል። ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት ተከፋፍሎ፣ ጠርዙ መጋዝ መስሎ... ፎቶውን አይቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው የማይለየው።

«መምህር፣ እንዴት ያለ ዘር ነው! አፈራችን ተስማማው!» አለኝ ፊቱ በርቶ። «ለአርባቸው የጣቢያችንን አዛዥ ጠርቸ አሳየዋለሁ። እሱም ግቢያችን ውስጥ እንትከል ማለቱ አይቀርም።»

የዮናስ አጎት... ተወልደው ባያውቁም ነፍስዎን ይማር፤ እባክዎ አርባዎ ሳይደርስ አንድ ጥሩ በረዶ ይላኩልን።